አምስት ቀን ያለ መርዶ

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ያረፉት በኅዳር ወር፣ ማክሰኞ ረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ለንደን፣ ካምደን በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ሐኪሞቹ ልባቸው ደክሟል ብለው ካስተኟቸው ገና አንድ ቀናቸው ነበር። ወንድ ልጃቸው ጊዲዮን አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር።

በዚያች ሰዓት ሴት ልጃቸው ማህደር ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ነበረች። ከሲሼልስ ደሴቶች ሁሉ ርቃ በምትገኘው በአልዳብራ አጠገብ መልሕቋን በጣለች ትንሽ የሽርሽር መርከብ ላይ ቆማ፣ ከደሴቷ የተመለሱትን መንገደኞች ጫማ በብሩሽ ታጥባለች። የአንዱ ደሴት ዘር ወይም ነፍሳት ተጣብቆ ወደ ሌላው እንዳይሻገር፣ ከጀልባ የሚወርድ ጫማ ሁሉ ይታጠባል። እዚያ ሰዓቱ ዘጠኝ ሆኗል፤ ፀሐይዋ ትለበልባለች። ማህደር ከአንዲት ሽማግሌ እንግዳ ጋር እየሳቀች ነበር።

ማህደር ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ዊልስደን በተባለው የለንደን ሰፈር ተወልዳ እዚያው አደገች። አባቷን አታውቀውም። ጊዲዮን አግብቶ ሰቨን ሲስተርስ ወደሚባለው ሰፈር ሲገባ እሷ ከእናቷ ጋር ቀረች። ባለፈው ጥር ወይዘሮ ተናኘወርቅ አውቶቡስ ሲጠብቁ በረዶ አንሸራትቷቸው ዳሌያቸውን ተሰበሩ። ማህደር ከሆቴል ሥራዋ እየተመለሰች ስድስት ወር አጠበቻቸው፣ አለበሰቻቸው፣ ደረጃ ደግፋ አወጣቻቸው። ሲሻላቸው ለማንም ሳትነግር የመርከብ ሥራ አፕላይ አደረገችና ተቀበሏት። የሰባት ወር ኮንትራት ነበር። ለእናቷ የነገረቻቸው ዕለት ጠብ ተነሣ። እናትየው እኔን ለማን ትተሽ ነው፣ ባሕር ላይ ምን አለሽ አሉ። ማህደርም ቆይቶ የሚያንገበግባትን ቃል ተናገረች።

«እኔ መኖር የምጀምረው አንቺ ስትሞቺ ነው?»

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ተነሥተው መስኮቱን ዘጉና ወደ መኝታቸው ገቡ። በመስከረም ማህደር ስትሄድ ነጫጭ የሥራ ሸሚዞቿን ራሳቸው ተኩሰው ሻንጣዋ ውስጥ ደረደሩላት፤ በር ላይ ሳሟት። ከዚያ ወዲህ በስልክ የማይጻጻፉበት ቀን አልነበረም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ዓሣው ያወራሉ። ያቺን ቃል ግን ሁለቱም አላነሷትም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የዊልስደኑ ቤት በሰው ተሞላ። ጊዲዮን እህቱ ጋ ልደውል ብሎ ስልኩን ሲያነሣ አቶ ኣንደብርሃን እጁን ያዙት። አቶ ኣንደብርሃን አንድ ፎቅ ከፍ ብለው የሚኖሩ ኤርትራዊ ጎረቤት ናቸው፤ በንጉሡ ዘመን አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ለንደን ውስጥ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዱ፣ የሰፈሩ ዕድር ሰብሳቢ። እትዬ እንግዳወርቅም ከእሳቸው ጋር ሆኑ። የሟች የልብ ወዳጅ፣ ሰቨን ሲስተርስ ሱቅ ያላቸው ሴት ናቸው።

አቶ ኣንደብርሃን መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ በወገን መሀል ነው አሉ። «ባሕር ላይ ነግረናት ብትወድቅ ማን ይይዛታል? ብትዘልስ?»

ጊዲዮን አመነታ። አራት ዓመቱ ሆኖ የመጣ ሰው ስለሆነ የሚያስበው ግማሹን በእንግሊዝኛ ነው፤ እህቱ ሳትሰማ መዋሏ ስርቆት መስሎ ታየው። ግን እናቱን ካጣ ገና ሦስት ሰዓቱ ነው፤ መከራከር አልቻለም። ወደ መርከቡ ባለቤቶች ቢሮ ደወለ፤ እነሱ በሳተላይት ከካፒቴኑ ጋር አገናኙት።

ካፒቴኑ ሄንድሪክ የሚባል ሆላንዳዊ ነው። ከባሕርተኞቹ ሞት ደብቆ እንደማያውቅ ነገረው። መርከቧ አውሮፕላን ማረፊያ ካለበት ከማሄ ደሴት የምትደርሰው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ እስከዚያ በመንገድ ያሉትን ደሴቶች እያስጎበኘች ትመለሳለች። ጊዲዮን ለመነው። በእኛ ወግ ሰው መርዶውን ለብቻው አይሰማም፣ ቅዳሜ እናትሽ ታማለች በላትና ወደ አውሮፕላኑ ስደዳት አለው። ካፒቴኑ በአንድ ቅድመ ሁኔታ ተስማማ፤ ማህደር ራሷ እናቴ ሞታለች ወይ ብላ ፊት ለፊት ከጠየቀችው አይዋሽም።

ያን ዕለት ካፒቴኑ ለሮዛሊ ብቻ ነገራት። ሮዛሊ ፊሊፒናዊት ናት፤ ከማህደር ጋር ከውሃው ወለል በታች ባለች፣ ሁለት ተደራራቢ አልጋ ብቻ በምትይዝ ክፍል አብራት ትተኛለች። አይኗን እንዳትነቅልባት አደራ አላት። ግን ትንሽ መርከብ ነገር አይደብቅም። ሠላሳ ሠራተኛ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ ይውላል፤ ሩዝና ዓሣውንም ከአንድ ድስት ይበላል። ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ከማህደር በቀር የማያውቅ አልነበረም።

ማህደር ጠዋት ስምንት የእንግዳ ክፍል ታጸዳለች፣ ከሰዓት ጫማ ታጥባለች፣ ምሽት ላይ ራት ታስተናግዳለች። ረቡዕ ግን ወደ ክፍሎቹ ስትሄድ አራቱ ተጸድተው አገኘቻቸው፤ ሮዛሊ ቀድማት ነበር። ሳህን ዘገየ ብሎ ሁልጊዜ የሚቆጣት ወጥ ቤቱ ማንጎ ልጦ፣ ቆርጦ፣ በሳህን አድርጎ ሰጣት። ካፒቴኑ በስሟ ጠርቶ ሁለት ጊዜ ሰላም አላት። ማህደር ተገርማ ሮዛሊን ሊያባርሩኝ ነው እንዴ፣ ሰው ሁሉ ምን ሆኗል ብላ ጠየቀቻት፤ ትስቅ ነበር። ሮዛሊ ያልደረቀ አንሶላ አለ ብላ ወደ ልብስ ማጠቢያው ወረደች፤ እዚያ በካውያው እንፋሎት መሀል ቆማ አለቀሰች።

በዚያው ቀን ማህደር እንደ ልማዷ ለእናቷ ድምፅ ቀርጻ ላከች። ሠራተኞች ኢንተርኔት የሚያገኙት ከሰዓት በኋላ በዕረፍታቸው አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ለንደን ውስጥ የእናቷ ስልክ ከሆስፒታሉ ባመጡት የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ፣ ከመነጽራቸውና ከነጠላቸው ጋር ነበር። ሲጮህ ለቀስተኛው ሁሉ ዝም አለ። ጊዲዮን ስልኩን ይዞ መታጠቢያ ቤት ገባ። እናቱ ካልመለሱ እህቱ ትደናገጣለች፣ ትደውላለች፣ ሌላ ሰው ጋ ትደውላለች። እናቱ እንደሚጽፉት አድርጎ፣ ያለ ነጥብ፣ «ደህና ነኝ ልጄ ጉንፋን ድምፄን ዘግቶታል» ብሎ ላከ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ብሎ ራሱን አጽናና።

ሐሙስ ካፒቴኑ ያልተለመደ ነገር አደረገ። ሠራተኛ ከእንግዶች ጋር ወደ ደሴት አይወርድም፤ እሱ ግን ማህደር በመጀመሪያዋ ጀልባ እንድትሄድ አዘዘ። ነጭ አሸዋ ላይ ወረደች። ከእሷ ዕድሜ በሦስት እጥፍ የሚበልጥ ኤሊ ከዛፍ ጥላ ሥር ቅጠል ያኝካል። አጠገቡ ተቀመጠች። ኤሊው አንገቱን አስረዝሞ አያት፤ መልሶም ቅጠሉን ያኝክ ጀመር። ውሃው ከአረንጓዴ ወደ ሰማያዊ እየተለወጠ እስከ ዓይን ዳርቻ ይሄዳል። ማህደር ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ዕረፍት ተሰምቷት አያውቅም። እናቴ ባትፈቅድልኝ ይህን አላይም ነበር ብላ አሰበች። ሸሚዞቿን የተኮሱት እጆች ትዝ አሏት። አለቀሰች።

ወደ መርከቧ ስትመለስ፣ በዕረፍቷ ሰዓት፣ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ድምፅ ቀረጸች።

«እማዬ፣ ያን ቀን ያልኩሽን ሁልጊዜ አስበዋለሁ። ሶሪ ማለት ሞክሬ ነበር፤ አፌ ላይ ይመጣና ይመለሳል። አንቺ እንድትሞቺ ፈልጌ አልነበረም። ደክሞኝ ነበር። ደስ ብሎኝ እንድኖር ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ። ይቅር በይኝ። እባክሽ መልሺልኝ።»

ጊዲዮን ይህን የሰማው ያንኑ መታጠቢያ ቤት በር ዘግቶ ነው። ስለ ጠቡ አያውቅም ነበር። ሁለት ጊዜ አዳመጠው። ከበሩ ውጭ ሴቶች የእናቱን ስም እየጠሩ ያለቅሳሉ። ዝም ልበል አለ፤ ዝም ቢል ደግሞ እህቱ እናቷ የተቀየሟት ይመስላታል። ሚስቱን ብሩክታዊትን ሊያማክር አሰበና ተወው። ከዚያ እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ «ልጄ እኔ ድሮ ረስቼዋለሁ ይቅር ብዬሻለሁ በሰላም ነይ»

ማህደር ስልኩን ሳመችው። ሮዛሊን ቀስቅሳ አንብባ ተረጎመችላት። ሮዛሊ ፊቷን በፎጣ ሸፈነች፤ ማህደር በእሷ ደስታ ያለቀሰች መሰላት።

ዓርብ፣ ጉዞው ሊያልቅ ሲል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሠራተኞች በላይኛው ወለል ላይ ለእንግዶች የሚያሳዩት ትርዒት አለ። ማህደር እስክስታ ልትጨፍር ስሟን ካስመዘገበች ሰንብታለች። ሮዛሊ ስሟን ከዝርዝሩ ልታስወጣ ሞከረች፤ ካፒቴኑ ምን ምክንያት እንስጣት አላት። ማህደር ነጠላ የሚያህል የመታጠቢያ ፎጣ ወገቧ ላይ አስራ ወጣች። ልቧ ቀሎ ነበርና እንደዚያ ቀን ጨፍራ አታውቅም። እንግዶቹ ተነሥተው አጨበጨቡ። ከኋላ የቆሙት ሠራተኞች መጀመሪያ ማጨብጨብ አቃታቸው። ወጥ ቤቱ ቆቡን አወለቀ። ካፒቴኑ ወደ ባሕሩ ዞረ።

ቅዳሜ ማሄ ደረሱ። ካፒቴኑ ቢሮው ጠርቶ እናትሽ ታመዋል፣ ማምሻውን አውሮፕላን አለሽ አላት። ማህደር ብዙ ጥያቄ ጠየቀችው፤ የት ሆስፒታል፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምናቸውን። የሚያውቀውን መለሰ። ያንን አንዱን ጥያቄ ግን አልጠየቀችውም። ሮዛሊ ወደቡ ላይ አቅፋ አልለቅም አለቻት። ዱባይ ላይ አውሮፕላን ስትቀይር ለእናቷ «መጣሁ» ብላ ጻፈች። መልስ አልመጣም። ተኝታ ነው አለች።

እሁድ ማለዳ ጊዲዮን ከኤርፖርት ተቀበላት። ጺሙ አድጓል። መኪናው ከትልቁ መንገድ ወጥቶ ወደ ዊልስደን ሲታጠፍ ማህደር ቀና አለች።

«ጊዲ፣ ሆስፒታሉ በዚህ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ቤቱ በር ላይ በዚያ ማለዳ ብዙ መኪና ተደርድሯል፤ ሰዎች ጥቁር ለብሰው ደረጃው ላይ ቆመዋል። ከመኪናው ወርዳ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ወደ አስፋልቱ ሄደች። አቶ ኣንደብርሃን ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀረቧት።

«ልጄ፣ እናትሽ ዐርፈዋል። እኛ አለን» አሏት።

ወደቀች። ግን መሬት አልነካችም፤ እትዬ እንግዳወርቅና ሌሎች ሴቶች ከስድስት አቅጣጫ ያዟት። አንዷ ጭንቅላቷን፣ አንዷ ወገቧን ይዘው፣ አብረዋት እየጮኹ አስገቧት። ያን ቀን ለብቻዋ የተተወችበት ደቂቃ የለም።

በለቅሶው ቀናት ማህደርን ደግፎ ያቆማት አንድ ነገር ነበር። ለመጣው ሁሉ፣ እናቴ ከመሞቷ በፊት ይቅር ብላኛለች፣ በራሷ ጣት ጽፋልኛለች ትላለች። ሰውም ተመስገን ይላታል፤ የሞቱበትን ቀን አልጠየቀችም፣ የነገራትም የለም። ጊዲዮን ይህን በሰማ ቁጥር ወደ ማድ ቤት ይሄዳል። ብሩክታዊት ነገሩን ሲነግራት ደንግጣ ዛሬውኑ ንገራት አለችው። እሱ ከቀብሩ በኋላ አለ። ጠረጴዛው ላይ የሞት ምስክር ወረቀቱን ትቶት የሄደው ረቡዕ ዕለት ነው።

ማህደር ወረቀቱን ያነሣችው የእናቷ ስም በትክክል ተጽፎ እንደሆነ ቼክ ለማድረግ ነበር። ስሙ ልክ ነው። ከሥሩ ቀኑ አለ። ስልኳን አውጥታ አስተያየችው። ወረቀቱን መልሳ አስቀመጠችና ወንድሟ እስኪመጣ ቆማ ጠበቀችው።

«እማዬ የሞተችው ማክሰኞ ነው» አለችው።

«አዎ።»

«ሐሙስ የጻፈልኝ ማነው?»

ጊዲዮን ኮቱን እንኳ አላወለቀም። «እኔ ነኝ» አለ። «ዝም ብልሽ የተቀየመችሽ ይመስልሻል ብዬ ነው። ሌላ የምጽፈው ጠፋኝ።»

«ከአንተ አልጠየቅሁም እኮ። ከእሷ ነው የጠየቅሁት። አሁን ከማን ልጠይቅ?»

ሁሉም ነገር አንድ በአንድ ይመጣባት ጀመር፤ የተጸዱት ክፍሎች፣ ማንጎው፣ ኤሊው፣ የሮዛሊ ፎጣ። ትከሻዋን ስታንቀጠቅጥ ሠላሳ ሰው እያወቀ ይመለከታት ነበር። እናቴ ሬሳ ቤት ተኝታ እኔ ስጨፍር ዝም አላችሁ አለችው፤ ድምፅዋን ግን ከፍ አላደረገችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገረችውም። ቀብሩ ላይ ከጉድጓዱ ማዶ ቆመች።

ከቀብሩ ሳምንት በኋላ አቶ ኣንደብርሃን በሯን አንኳኩ። ተቀመጡ ብትላቸው መጀመሪያ አልተቀመጡም። ሃያ አራት ዓመታቸው ሆኖ በስደት ካርቱም ሳሉ ገበያ ውስጥ ያገኙት የአገራቸው ሰው እናትህ እኮ ሞተች፣ አልሰማህም እንዴ ብሎ ቆሞ እንደነገራቸው አወሩላት።

«ቲማቲም እየመረጥኩ ነበር» አሉ። «ማልቀሻ ቦታ አጣሁ። ቲማቲሙን አስመዝኜ ሄድኩ። ያን ቀን፣ እኔ ባለሁበት ማንም ሰው እንዲህ መርዶ እንዳይሰማ ማልኩ። አንቺን ከዚያ አድናለሁ ብዬ በሌላ በኩል ጎዳሁሽ። ወንድምሽን ደብቅ ያልኩት እኔ ነኝ። ጻፍላት አላልኩትም፤ ግን ወደዚያ የገፋሁት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

ማህደር ተነሥታ እጃቸውን ያዘች። «እርስዎን ይቅር ብያለሁ፣ ጋሼ» አለቻቸው። ሲሄዱ ግን ቁጭ ብላ፣ ይቅርታ ከአንደበት እንዲህ በቀላሉ እንደሚወጣ አሰበች፤ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። መስከረም ላይ በር ላይ ቆማ ሳለች አንድ ደቂቃ ነበራት።

ካፒቴኑም ደብዳቤ ጻፈ። ትክክል ያደረግሁ አይመስለኝም፣ የተሻለ ምን ማድረግ እንደነበረብኝም እስከ ዛሬ አላውቅም ይላል። በሚያዝያ አዲስ ጉዞ እንዳለና ቦታዋ እንደተጠበቀላት ጨመረበት። ወሩን ሙሉ አልመለሰችለትም። የእናቷን ልብስ እያጠፈች ለቤተ ክርስቲያን ሰጠች። ቀደም ሲል የነበረችበት ሆቴል በሳምንት ሦስት ቀን ሠራች። ማታ ማታ ቤቱ ይከብዳታል። ጥር ሲያልቅ ለካፒቴኑ እመጣለሁ ብላ ጻፈች። ባሕሩ ናፍቋት አልነበረም፤ እዚያ ሰው ሁሉ ምን እንደደረሰባት ያውቃል፣ አዲስ ማስረዳት አያስፈልጋትም።

ከመሄዷ አንድ ቀን በፊት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሰቨን ሲስተርስ ሄዳ የወንድሟን ደወል ተጫነች። ሳይነጋገሩ አምስት ወር ሊሞላቸው ነበር። ብሩክታዊት ከፈተችላት፤ ካፖርቷን ተቀብላ ሰቀለችና ሁለቱን ትታቸው ወጣች። ጊዲዮን ከስቷል። ማህደር ከፊቱ ተቀመጠች።

«ማክሰኞን ንገረኝ» አለችው። «ከጠዋት ጀምሮ። ምንም አትጨምር።»

ነገራት። እናቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነቁ። ሻይ ቀረበላቸው፤ ሁለቴ ፉት ብለው ቀዝቅዟል አሉ። ሐኪሞቹ ሊመጡ ነው ፀጉሬን አበጥርልኝ አሉት። በሕይወቱ የሰው ፀጉር አበጥሮ አያውቅም፤ ማበጠሪያው ተያዘበት፤ እናቱ ሳቁበት። ከዚያ ትራሳቸውን ከፍ አድርጎላቸው ዝም ብለው መስኮቱን ሲያዩ ቆዩ። አራት ሰዓት ላይ ማህደር ጋ አሁን ስንት ሰዓት ነው ብለው ጠየቁት። አስልቶ ስምንት ሰዓት ነው አላቸው።

«ምን አለች?»

«‹ምሳዋን በልታለች እንግዲህ› አለች። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። እንቅልፍ መስሎኝ ነበር።»

ማህደር ጠበቀች።

«ሌላስ? ስለ እኔ ሌላ ምንም አላለችም?»

ጊዲዮን እህቱን አያት። ሊጨምረው የሚችለው ቃል ሁሉ አፉ ላይ መጣ፤ እናቱ ሊሉት የሚችሉት፣ ምናልባትም በልባቸው ያሉት፣ ዕድሜዋን ሙሉ ልትይዘው የምትችለው ቃል።

«አላለችም» አላት።

ማህደር አመነችው። እንባዋ ወረደ፤ እጁን አልያዘችም፣ ግን አልተነሣችም። ከሻዩ ጀምረህ እንደገና ንገረኝ አለችው። ጊዲዮንም እንደገና ጀመረ።